ሞተር ለተቀየረላቸው መኪኖች ስላወጣነው ደንብ

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎፋ፣ አዲስ አበባ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፉት ሦስት ሳምንታት ቅር ብሏችሁ ከበራችን የተመለሳችሁ አላችሁ። አንዱ ደንበኛችን መኪናውን ከአያት ድረስ አስጎትቶ መጥቶ፣ «የሞተሩ ኮምፒዩተር ከሌለ አልቀበልም» ብዬ መልሼዋለሁ። ቀድመን ሳናሳውቅ መጀመራችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ደንቡ ግን ጥፋት አይደለም።

ሞተር የተቀየረለት መኪና ለሽቦ ሥራ ሲመጣ፣ ሞተሩ የራሱ ኮምፒዩተርና ዋየሪንግ (የሽቦ መስመሩ በሙሉ) አብሮት ይምጣ፤ ሶኬቶቹም አይቆረጡ። ለምርመራ 3,000 ብር በቅድሚያ ይከፈላል። «ዛሬ ማታ ይደርሳል» የሚል ቃል ደግሞ ከአሁን በኋላ ከእኛ አይወጣም። በቃ፣ ይኼው ነው።

«ብር አየና ጠገበ» መባሉን ሰምቻለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሆዴን ባር ባር ብሎታል። ስለዚህ አንድ መኪና ላሳያችሁ።

መስከረም ላይ አንድ ቪትዝ መጣ። ባለቤቱ የሚበላው በዚያችው መኪና ነው። የድሮው ቅርጽ ነች፤ ሞተሯ አልቆ ከአዲሱ ቅርጽ የወጣ የዱባይ ሞተር ተገጥሞላታል። «ያው 1300 ነው፣ ያው ቱ ኤንዜድ ነው» ተብሎ ነው የገዛው። አልዋሹትም፤ የሞተሩ ስም አንድ ነው። ሽቦው ግን ሌላ ነው። በድሮው ቅርጽ ነዳጅ ስትረግጡ የሞተሩን አየር መግቢያ ገመድ ነው ስቦ የሚከፍተው። በአዲሱ ግን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚከፍተው። ሶኬቱ ላይ ስድስት ሽቦ አለ፤ ሁለቱ ለዚያ ለትንሹ ሞተር፣ አራቱ ለሴንሰሩ። ፔዳሉም አብሮ መቀየር አለበት። ደግነቱ ፔዳሉን አምጥቶ ነበር።

መኪናዋ ትነሳለች፣ ሁለት ሰከንድ ትሠራለች፣ ትጠፋለች። «የነዳጅ ፓምፑ ነው» ብለውት አዲስ ፓምፕ ገዝቷል። ግፊቱን ለካን፤ ምንም አልጎደለውም። ፊውዙ ደህና፣ ሪሌው ደህና። ኮፈኑን ከፍተን ስናይ ዋየሪንጉ ከመሀል ተቆርጦ በቀለም በቀለም ተቀጥሏል፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። የሽቦ ቀለም ደግሞ ሞዴሉ ሲቀየር ሥራውም ይቀየራል። ስለዚህ ቀለሙን ትተን እያንዳንዱን ሽቦ ከሶኬቱ እስከ ኮምፒዩተሩ ፒን ድረስ በቴስተር መከተል ነበረብን። ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ።

የተገኘውን ስሙ። ለሻማው እሳት የሚሰጠው እያንዳንዱ ኮይል አራት ሽቦ አለው፤ ኃይል፣ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው)፣ «ተኩስ» የሚል ትእዛዝና «ተኩሻለሁ» የሚል መልስ። መልሱ ካልደረሰው ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ይዘጋል። ሁለት ሰከንድ ሠርታ የምትጠፋው ለዚህ ነው። ሶኬቱን ነቅለን ቁልፉን ከፍተን ያንን የመልስ ሽቦ ስንለካ 5 ቮልት አካባቢ ማሳየት ሲገባው ዜሮ አለ። ናስትሮውን ላጥነው። ሽቦው ተጠምዝዞ ብቻ ነው የተያዘው፤ ሲነካ እጄ ላይ ቀረ። የጣት ጥፍር የምታክል ነገር!

ለሁለት ቀን ተኩል ያስከፈልኩት የግማሽ ቀን ነው። አንዲት ብጥስ ሽቦ አሳይቼ ሙሉ ሒሳብ መጠየቅ አፈርኩ። በእነዚያ ቀናት የእናንተ መኪኖች አስፋልት ዳር ተራ ይጠብቁ ነበር። አምና እንዲህ ያለ ሥራ አልፎ አልፎ ነበር፤ አሁን በሳምንት ሁለት ሦስት ይመጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ ሰው ያለውን ሞተር እየቀየረ ይነዳል። ማንም አይፈርድበትም፤ እኔም የማደርገው እሱኑ ነው።

ያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ዶላሩ ተለቀቀ። ከ57 ብር ተነስቶ መቶን ሲያልፍ ወራት አልፈጀበትም። የሶኬት ፒን፣ ሪሌ፣ የስካነር ማሻሻያ፣ ሁሉም በዶላር የሚመጣ ነው። የቤት ኪራይ ሁለቴ ተጨምሮብኛል። አብረውኝ የሚሠሩትን ሁለቱን ልጆች ግን አላሰናበትኩም። አንደኛው የዋየሪንግ ሥዕሉን ማታ ማታ በስልኩ ያጠናል፤ እንግሊዝኛውን ከእኔ በላይ ያነባል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በ1991 ሶማሌ ተራ በረዳትነት ነው። ያኔ መኪና ማለት ዲኤክስ ነበር። ካርቡሬተሩ ላይና ሞተሩ ላይ የሚሄዱትን ሽቦዎች በጣት ትቆጥራለህ። ጌታዬ «ማሳውን እይ፣ ከዚያ ሌላውን» ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬ የምጀምረው በእሱ ነው። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲዞር በሞተሩ ብረትና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ደካማ ነው። ሞተር ሲቀየር ያቺ የማሳ ኬብል ተረስታ የምትቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። እሷ ብቻ ሆና ያገኘናትን አላስከፈልንም፤ ወደፊትም የከፈላችሁትን 3,000 እንመልሳለን።

ከእናንተ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት አብራችሁኝ የቆያችሁ አላችሁ። ልጆቻችሁን በመኪና ሳመላልስ የነበርኩ እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ ብትሄዱ አልቀየምም፤ ግን ባትሄዱ ደስ ይለኛል።

በእነዚህ ሦስት ሳምንታት የመለስኳችሁ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ኑ፤ ምርመራው በነፃ ነው። የአያቱ ወንድሜ፣ ላንተ ደውዬ አላነሳህልኝም። ኮምፒዩተሩን ብቻ ከሻጩ ተቀበል፤ ማስጎተቻውን እኔ እችላለሁ።

ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉልኝ፤ ቁልፉ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚናበብ ዓይነት ከሆነ ቁልፉንም አብራችሁ ጠይቁ። ሞተሩን የሚያወርደው ልጅ የሽቦ መቁረጫ ሲያነሳ ካያችሁ እጁን ያዙልኝ። አዲሱን የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ማስመዝገብም አትርሱ። ስልክ ለማማከር አላስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት