እማዬ፣ የድስቱን ክዳን አትቀሚው

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? በስልክ ብጠይቅሽ "ደህና ነው" እንደምትይኝ አውቃለሁ። እኔም "ደህና ነኝ" እልሻለሁ። ሁለታችንም ውሸታሞች ነን።

ዐይኔ ደከም ብሏል ስላልሽኝ ፊደሉን ትልልቅ አድርጌዋለሁ። ካስቸገረሽ የእህቴ ልጅ ያንብብልሽ። ንባብ ላይ ጎበዝ ሆኗል አሉ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ "ውኃ አምጣልኝ" ብለሽ ትልኪዋለሽ። የት ጋ እንደሆነ ራሴ እነግርሻለሁ። እሱም ይህን ሲያነብ መሳቁ አይቀርም፤ ግን ይሂድ።

እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያለፈው ሳምንት ወሬሽ ነው። ልጁ የትልቁን ድስት ክዳን ይዞ፣ ሁለት ወንበር አገጣጥሞ፣ ቤቱን በጡሩምባ አደነቆረው አልሽኝ። ሲያድግ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ ይላል። "ይኸው ምትክህ መጣ" ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ "ለመሆኑ አንተ፣ እንዳሰብከው ሆነልህ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም "ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" ብዬ ዘጋሁት። አልተቆራረጠም ነበር።

አሁን ጊዜ አለኝ። ጭነት ለማራገፍ ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ 11 መኪና አለ። ጠዋት ስደርስ 14 ነበሩ። አስቢው እንግዲህ።

ልጅ ሆኜ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሳላየው ያለፈ ከባድ መኪና አላስታውስም። በድምፁ ብቻ የተጫነና ባዶ እለይ ነበር። ባዶው ይንኳኳል፣ የተጫነው ያቃስታል። አንድ ቀን አንዱ ሹፌር ክንዱን በመስኮት አውጥቶ እጁን አወዛወዘልኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ክዳኑንም ያነሳሁት በማግስቱ ነው። አንቺ "መልስ፣ እየገነፈለብኝ ነው" እያልሽ ትጮሂያለሽ፣ እኔ አቀበት ላይ ነኝ፣ መልስ ብባል እንዴት እመልሳለሁ?

አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ስንት ሴኮንድ ነበር? በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል። የእኛን አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለፍ ሁለት ሴኮንድ ይበቃዋል። እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን የመረጥኩት ሁለት ሴኮንድ ባየሁት ነገር ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም። ሥራው ደግሞ ያለው እዚያ ነው።

መንዳት ነው ብዬ የገባሁበት ሥራ ግማሹ መቆም ነው። ለመጫን ትቆሚያለሽ። ለሚዛን ትቆሚያለሽ። ለወረቀት ትቆሚያለሽ። ለማራገፍ ትቆሚያለሽ። በጉዞ የሚከፈለው ሹፌር ቆሞ ለዋለበት ሰዓት አምስት ሳንቲም አያገኝም። መሄድ ስትጀምሪም ወዲያው አትበሪም። ጎማ ትመቻለሽ፣ ብሎን ትነካኪያለሽ፣ መብራት ታያለሽ። መጀመሪያ አካባቢ ጥቂት እንደሄድሽ ደግሞ ወርደሽ ገመዱን እንደገና ታጠብቂያለሽ። ጭነት መንገድ ላይ ይረጋል፤ ሲረጋ ገመዱ ይላላል። ይህን ሁሉ በድስት ክዳን አልተጫወትኩትም።

ወረፋ ላይ ስልኬን እየነካካሁ ያነበብኩትን ልንገርሽ። ጎትሊብ ዳይምለር የሚባል ጀርመናዊ የመጀመሪያውን የጭነት መኪና እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሠራ ጉልበቱ 4 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። የሚጭነው አንድ ቶን ተኩል ነው። ጋቢና እንኳ የለውም፤ ሹፌሩ እንደ ጋሪ ነጂ ፊት ለፊት፣ ለዝናብም ለፀሐይም ተሰጥቶ ይቀመጣል። ወገቤን ባመመኝ ቁጥር ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል።

"ጭሽሽ" የሚለው ድምፅ ትዝ ይልሻል? ወንበሩን ባቆምኩ ቁጥር በአፌ የማወጣው? መኪናው የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። ብዙም አልተሳሳትኩም። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። እግርሽን ከፍሬኑ ስታነሺ አየሩ ይለቀቃል፤ ድምፁ የእሱ ነው። መጀመሪያ ለባቡር ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1869 በስሙ አስመዘገበው። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ግን መኪናው ቆሞ ሲያድር ነው። ያኔ ጎማውን አንቆ የሚይዘው ጠንካራ ሞላ ነው፤ ሞላውን ገፍቶ የሚያስለቅቀው ደግሞ አየሩ። አየር ከሌለ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ጠዋት ጠዋት ሞተር አስነስቼ የአየሩ ጌጅ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የድስቱ ክዳን መኪና ቁልፍ ሳይዞር ይከንፍ ነበር። ይሄኛው መጀመሪያ ትንፋሹን ይሰበስባል። እኔም እንደሱ ሆኛለሁ፤ ወገቤ እስኪላቀቅ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ።

በጨዋታዬ ውስጥ ደግሞ የኋላ ማርሽ የሚባል ነገር አልነበረም። እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ። ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ! የባለ ተሳቢ ሹፌር የሚፈተነው ግን ወደ ኋላ ሲሄድ ነው። ነገሩ ሁሉ ግልብጥ ነው። የተሳቢው ጭራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለግሽ መሪውን ወደ ግራ ታዞሪያለሽ። ቶሎ ካልመለስሽው እንደ መቀስ ይታጠፍና ጋቢናሽን ሊመታ ይመጣል። የእኔው አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚታጠፈው ነው። ሁለት ቦታ የሚታጠፈውማ ሌላ ጣጣ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ወር አንድ መጋዘን በር ላይ 40 ደቂቃ ታገልኩ። ላብ በላብ ሆኛለሁ። አራት ሰው አራት ዓይነት ምልክት ያሳየኛል። አንዱ ና ይላል፣ አንዱ ቁም፣ አንዱ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኗል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይስቃል። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ሹፌር መጥቶ ሁሉንም አባረረልኝ። በመስኮት ተንጠልጥሎ "መሪውን ከታች በኩል ያዘው። አሁን እጅህን ጭራው እንዲሄድ ወደምትፈልግበት ወገን ውሰድ" አለኝ። ወሰድኩ። ገባ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ። ከሥልጠናው ሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ የሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ቁልቁለትም በልጅነቴ መብረሪያ ነበር። ሙሉ ጭነት ሲሆን እኔና መኪናው 40 ቶን እንሆናለን። ያን ያህል ክብደት ከኋላ ሲገፋሽ ፍሬን ብቻውን አያድንሽም። ሲረገጥ ሲረገጥ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ከጋለ መያዝ ይተዋል። ቀድሞ የሚነግርሽ አፍንጫሽ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ታስገቢና ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርድሻል። እንደ ኤሊ ነው የምወርደው። ከኋላዬ ያሉት ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ይሳደባሉ። ይሳደቡ።

ባለፈው ስመጣ "ይሄ ግራ ጉንጭህ ምን ሆነ?" ብለሽኝ ነበር። "ምንም" ብዬሽ አለፍኩ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር። ሰውዬው 28 ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። በመስኮቱ በኩል ያለው የፊቱ ግማሽ ተሸብሽቦና ተንጠልጥሎ የአባት ይመስላል። ሌላው ግማሽ የልጁ። መስታወት ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር ያስቀራል እንጂ ሁሉንም አያስቀርም። ፎቶውን ካየሁ ወዲህ መስኮቱ ላይ ጨርቅ እጋርዳለሁ፣ ቅባትም እቀባለሁ። ጓደኞቼ ሙሽራው ይሉኛል።

አሁን ልጁን ውኃ አምጣልኝ በይው።

ሄደ? እሺ። አንድ ሌሊት አለ፣ ነግሬሽ የማላውቀው። ጭነቱ ጠዋት ይድረስ ተብሎ ነበር። ቀኑን ሙሉ የዋልኩት ወረፋ ላይ ነው። በአለቆቼ ሒሳብ አርፌያለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ከኩርባ ይብሳል፤ ምንም የሚያነቃሽ ነገር የለውም። ነጭ የለበሰች ሴት ከዳር ተነስታ መንገዱ መሐል ስትገባ አየሁ። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ተሳቢው ጮኸ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ።

ባትሪ ይዤ ወረድኩ። ከፊት ጎማ ሥር አየሁ። ከተሳቢው ሥር በደረቴ ተኝቼ አየሁ። ወደ ኋላ ተመልሼ መንገዱን ዳር ለዳር ሄድኩበት። ሴት የለችም። ሴት የሚመስል ድንጋይ እንኳ የለም። ስመለስ የጋቢናውን ደረጃ ለመውጣት እግሬ እምቢ አለኝ። እዚያው ጎማውን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጎማው ይሞቅ ነበር። ዐይኔን ሦስት ሴኮንድ ከድኜ ከነበረ፣ መኪናው 66 ሜትር ያለ ሹፌር ሄዷል ማለት ነው። ይህን ነበር የማሰላው።

ሲነጋ ደወልሽ። "የት ደረስክ?" አልሽኝ። "ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ" አልኩሽ። ያንኑ ጎማ ተደግፌ ነው የመለስኩልሽ።

በኋላ እንዳነበብኩት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ ጠጥቶ እንደሚነዳ ሰው ይሆናል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ስምምነት አለ፤ ሹፌር ያለ እረፍት ከ4 ሰዓት በላይ፣ በቀን ደግሞ ከ9 ሰዓት በላይ አይንዳ ይላል። ጥሩ ብሏል። መጋዘን በር ላይ ያን ስምምነት ይዤ ብቆም ማን እንደሚያነብልኝ ግን አላውቅም። እኔ የራሴን ሕግ አውጥቻለሁ። ዐይኔ ሲከብድ ዳር ይዤ እተኛለሁ። አለቃዬ ይጮሃል። ይጩኽ።

ልጁ ተመለሰ? ውኃውን ጠጪለት እንጂ፣ እንዳይነቃብን።

ሌላው የሚከብደው ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። የልጄን የመጀመሪያ ጥርስ በስልክ ነው ያየሁት። የአባባን ቀን አላነሳውም።

እንግዲህ "እንዳሰብከው ሆነልህ?" ላልሽኝ፣ እንዳሰብኩት አልሆነም። ግን ደግሞ አንድ ነገር አልዋሸኝም፤ ከፍታው። ጋቢናው ላይ ሆኜ ሰው ከአጥሩ ጀርባ የሚያደርገውን አያለሁ። ጎህ ሲቀድ ከማንም በፊት የማየው እኔ ነኝ፤ ሞተሩ ከሥሬ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ ያጉተመትማል፣ ማንም አያናግረኝም። የዚያን ሰዓት ሌላ ሥራ ልሥራ ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህን በስልክ ልነግርሽ ብል ቃሉ አይመጣልኝም።

ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ልጅ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየሁ። እጁን ያወዛውዛል። ጡሩምባውን ለቀቅሁለት። በመስታወቱ ሳየው አጥሩ ላይ ይዘላል። ወዲያው ኩርባ ሆነና ጠፋብኝ።

የእኛውን ልጅ ተይው። ሥራው እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ብለሽ ገና በ9 ዓመቱ አታስፈራሪው። የድስቱን ክዳን አትቀሚው፤ ሌላ ክዳን ግዢ፣ እኔ እልክልሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቂልኝ። የቆመ ከባድ መኪና አፍንጫ ሥርና ጎማ አጠገብ እንዳይጫወት። እኛ ከላይ ብዙ እናያለን እንጂ እግራችን ሥር ያለውን አናይም። እሱን የሚያህል ልጅ ልክ ከፊቴ ቢቆም ፀጉሩ እንኳ አይታየኝም። መስታወቱ ውስጥ የሹፌሩን ፊት ካላየ፣ ሹፌሩም እሱን አላየውም። ይህን ካንቺ አፍ ይስማ፣ ከእኔ ከሆነ ጨዋታ ይመስለዋል።

ቆይ፣ ጋቢናውን እያንኳኩ ነው። ተራዬ ሳይደርስ ሌላ በር ተከፈተ መሰለኝ። በኋላ ማርሽ ግባ እያሉኝ ነው፤ በሩም ጠባብ ነው። ዛሬም አራት ሰው ምልክት ሊያሳየኝ ተሰልፏል።

ማታ ስትደውዪ ካላነሳሁ ወይ እየነዳሁ ነው፣ ወይ ተኝቻለሁ። መኝታ ከሆነ ደስ ይበልሽ።

ጉልበትሽን በሙቅ ውኃ ያዢው።

ልጅሽ