ቢን ካርዱ የማን ጽሑፍ ነው?

ለከተማችን የጤና ሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ሦስት ጊዜ አመልክቼ መልስ ያጣሁበትን የሥራ ልምድ ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው። ረጅሙን በሦስቱ ማመልከቻዎች ጨርሼዋለሁ። የመጀመሪያው «መዝገብ ቤት ነው» ተባለ። ሁለተኛው «ፊርማ ይጠብቃል»። ሦስተኛውን ይዤ ስመጣ ጸሐፊዎ «እህቴ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ብቻዎን ቡና ሲጠጡ አየሁዎት። ይሁን።

እኔ በወረቀት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። በ2008 ስቀጠር የተሰጠኝ መጥረጊያ ነው፤ ያኔም አላፈርኩበትም፣ ዛሬም አላፍርበትም። ሦስት ወር ሳይሞላኝ ግን የፋርማሲው ስቶር ኃላፊ ጠሩኝና «መጻፍ ትችያለሽ አይደል?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርቶን ማውረዱም፣ መደርደሩም፣ ቢን ካርድ፣ ማለትም የእያንዳንዱን መድኃኒት ገቢና ወጪ የሚይዘውን ካርድ፣ መሙላቱም የኔ ሆነ። ጊዜው ቶሎ የሚያልፍበት ከፊት፣ የሚቆየው ከኋላ። በገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 የገባውን በወጪ ደረሰኙ በሞዴል 22 ከወጣው ጋር ማስታረቅ። ጠዋትና ማታ የፍሪጁን ቴርሞሜትር አይቶ መመዝገብ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልሆነ ሰው መጥራት። ለበሽተኛ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ወሰኔን አውቃለሁ።

አንድ የነሐሴ ማታ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ተረኛዋ ፋርማሲስት መስኮቱን ጥላ መሄድ አትችልም፣ በሽተኛ ተሰልፏል። ኢንሱሊኑንና ለወላዶች የሚሰጠውን ኦክሲቶሲን በበረዶ ሳጥን ከተትኩ። ኢንሱሊን በረዶ ከነካው ቀዝቅዞ ይበላሻል፤ ስለዚህ በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በዝናብ፣ በባጃጅ፣ መብራት ወዳለበት ወደ ሌላ ጤና ተቋም ወሰድኩት። የባጃጁን ከኪሴ ከፈልኩ። አንድም ብልቃጥ አልተበላሸም። በማግስቱ ምስጋናው የተነበበው «ለክፍሉ» ነበር። ክፍሉ ነጠላ የለውም እንጂ ጥሩ ነው።

ከደመወዜ እየቆጠብኩ ማታ ማታ ፋርማሲ ተማርኩ። ደረጃ 4 ጨረስኩ፣ የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውንም፣ በመጀመሪያው ሙከራ አለፍኩ። ባለፈው ዓመት የፋርማሲ ቴክኒሽያን የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ሮጬ ተመዘገብኩ። ኮሚቴው «ቀጥተኛ የሥራ ልምድ የላትም» ብሎ ጣለኝ። ለምን? ተቋሙ የጻፈልኝ ደብዳቤ «በጽዳት ሥራ አገልግላለች» ስለሚል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቢን ካርዱ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የኔ ነው። ኦዲተር በመጣ ቁጥር ያንኑ ካርድ ነው የሚያሳዩት! ለኦዲት ሲሆን ሥራ፣ ለኔ ሲሆን ጽዳት።

መድኃኒትን ከገባበት እስከ ወጣበት በሰነድ የሚከታተለው አሠራር ከዚሁ ከክልላችን፣ ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተነሳ ነው። እሱን ተከትለን እኛም እንክብል በእንክብል እንቆጥራለን። ቆጣሪዋ ግን የት መዝገብ ላይ አለች? ብቻዬንም አይደለሁም። ካርቶን የሚሸከመው ልጅ በወረቀት ዘበኛ ነው። ሒሳብ የምትቀበለዋ ተላላኪ ናት። ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ ያሠለጠነ ኮሌጅ በ1940ዎቹ የተከፈተው እዚሁ ጎንደር ነው። ቡድን ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም መሰለኝ።

ደንቡንም ከኔ በላይ ያውቁታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አሠሪን እንኳ ሠራተኛው ምን ዓይነት ሥራ እንደሠራ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። «እኛ የምንተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እሺ። ታዲያ መንግሥት ከባለሱቅ ያነሰ እውነት ይጻፍ?

የምጠይቀው ሹመት አይደለም። የሠራሁትን ሥራ በስሙ ጽፋችሁ፣ ማኅተም አድርጋችሁ ስጡኝ። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ልወዳደር። ብወድቅም በፈተና ልውደቅ።

ከሰላምታ ጋር
የፋርማሲዋ «ጽዳት»

ግልባጭ፦ መዝገብ ቤት ለሚገኙት ሦስት ማመልከቻዎቼ