«ሐኪሙ አዟል» ብቻውን አይበቃም

ለተከበራችሁ በቴክሳስ የምትሠሩ ነርስ እህቶችና ወንድሞች፦

ባለፈው ሳምንት አንዲት ኤልቪኤን (ከተመዝጋቢ ነርስ በታች ያለ ደረጃ ባለ ፈቃድ ነርስ) የሆነች እህታችን በሌሊት ተራዋ ላይ ወደ ልብ አጠገብ ከሚደርስ የክንድ ካቴተር ደም እንድትቀዳ ታዘዘች። «እዚህ ሁሉም ይሠራዋል» አሏት። ሥልጠናውን አልወሰደችምና እጇን ሰበሰበች። ደግ አደረገች።

የቴክሳስ ሕግ የምንሠራውንና የማንሠራውን አንድ በአንድ አይዘረዝርም። ስለዚህ የክልሉ የነርሲንግ ቦርድ ባለ ስድስት ጥያቄ መመዘኛ አዘጋጅቷል። ከጥያቄዎቹ መካከል፦ ሥራው ከሕጉና ከቦርዱ ደንብ ጋር ይስማማል? ትክክለኛ ትእዛዝና የተቋሙ መመሪያ አለው? ችሎታው እንዳለኝ በተግባር ታይቷል? ለሚመጣው ነገር ተጠያቂ ለመሆን ዝግጁ ነኝ? አንዱ ላይ «አይ» ካላችሁ እዚያው ቁሙ።

የደም ሥር ሕክምና (በደም ሥር ካቴተር ማስገባት፣ ፈሳሽና መድኃኒት መስጠት) በኤልቪኤን መሠረታዊ ትምህርት ውስጥ ግዴታ ስላልሆነ ተጨማሪ ሥልጠና ይጠይቃል። አሠሪ የሥራ ወሰናችሁን ሊያጠብ ይችላል፤ ሕጉ ከፈቀደው በላይ ግን ሊያሰፋው አይችልም። የቦርዱ ደንብ 217.11ም ትምህርታችንንና ልምዳችንን የሚመጥን የሥራ ምድብ ብቻ እንድንቀበል ያዛል። አገር ቤት ሳለን «እሺ ዶክተር» ማለት የለመድን ሰዎች ይህ ይከብደናል፤ እኔንም ዓመታት ፈጅቶብኛል።

በጋራ ፈቃድ (በስምምነቱ አባል ክልሎች ሁሉ በሚያሠራው የነርስ ፈቃድ) ወደ ሌላ ክልል የምትሻገሩ ደግሞ የሚገዛችሁ ሕመምተኛው ያለበት ክልል ሕግ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ የየተቋማችሁን የደም ሥር ሕክምና መመሪያ ይዛችሁ ኑ፤ መመዘኛውን በእርሱ ላይ እንሞክረዋለን።