ቃጫ የኖራን ሥራ አይሠራም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ደካማ የሸክላ አፈርን በተፈጥሮ ቃጫ አጠናክሮ መንገድ መሥራት እንደሚቻል የሚገልጹ ዘገባዎች ይወጣሉ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቃጫው አፈሩ እንዳያብጥ የሚያደርግ መድኃኒት ተደርጎ ሲቀርብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሞንትሞሪሎናይት የተባለው ማዕድን የበዛበት አፈር በስስ ንጣፎቹ መካከል ውኃ ስለሚያስገባ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። አስፋልቱን ከሥር እያነሳ የሚሰባብረው ይኸው ነው። ለዚህ ኖራ ሲጨመርበት በኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም በማዕድኑ ገጽ ላይ ያለውን ሶዲየም ተክቶ ቅንጣቶቹን ያሰባስባል፤ የሚያጣብቀው ጭቃ በጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት ውስጥ ፍርፍር ይላል። ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) እስከ 12.4 ገደማ ከፍ ሲል ደግሞ በሸክላው ውስጥ ያሉት ሲሊካና አሉሚና የተባሉ ውህዶች እየሟሙ ከካልሲየሙ ጋር ሲሚንቶ መሰል ማያያዣ ይፈጥራሉ፤ ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ቃጫ ከዚህ አንዱንም አያደርግም። ሥራው ጭድ በምርጊት ጭቃ ውስጥ እንደሚሠራው ነው፦ ስንጥቁን አቋርጦ ይይዛል፣ በኖራ የጠነከረው አፈር ድንገት እንዳይፈረካከስ ያደርጋል።

መጠኑም ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቁ አፈር ክብደት ከ1 በመቶ አይበልጥም። ሲበዛ ይቋጠራል፣ አፈሩም በደንብ አይጠቀጠቅም። (በላቦራቶሪ በእጅ ሲደባለቅ የማይታየው ይህ ችግር ሜዳ ላይ ግሬደር ሲገባበት ይወጣል።) ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዕድሜው ነው። ቃጫ ይበሰብሳል፤ የኖራው አልካላይነትም ራሱ ይበላዋል። ሊግኒን (እንጨትን የሚያጠነክረው ንጥረ ነገር) የሚበዛበት የኮኮናት ልጣጭ ቃጫ ከሲሳል የተሻለ ይቆያል።

ኖራም ቢሆን በጭፍን አይጨመርም። ጂፕሰም ወይም ሌላ ሰልፌት ያለበት አፈር ከኖራ ጋር ሲገናኝ ኤትሪንጋይት የተባለ ማዕድን ፈጥሮ ከበፊቱ የባሰ ሊያብጥ ይችላል። በአሜሪካ ላስቬጋስ የሚገኘው ስቱዋርት ጎዳና በዚህ መንገድ ተበላሽቷል፤ የአፈር ምህንድስና ምሁሩ ጄምስ ሚቼል በ1986 እ.ኤ.አ. የጻፉት ጽሑፍ ጉዳዩን በሙያው ዘንድ ታዋቂ አድርጎታል።

ስለዚህ ጋዜጠኞቻችሁ የጥንካሬ ቁጥር ሲሰጣቸው፣ ሲቢአሩ (የመንገድ አፈር ሸክም የመቻል መለኪያው) የተለካው ናሙናው ለ4 ቀን ውኃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ነው ወይስ በደረቁ ብለው ይጠይቁ። ኖራ ብቻ ያለበት፣ ቃጫ ያልገባበት ናሙና ጎን ለጎን መፈተኑንም ያጣሩ። እሱ ከሌለ የተገኘው ጥንካሬ የቃጫው ይሁን የኖራው መለየት አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር
የአፈር ላቦራቶሪ ባለሙያ