1911 ሽጉጥ የሚወደደው ለትዝታ ብቻ አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ድሮ ሽጉጦች ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ጸሐፊው ሰው 1911ን የሚወደው ለትዝታ ነው፣ የጦርነት ፊልም አይቶ ነው ምናምን ብሏል። ትዝታ የለበትም አልልም። ግን በትዝታ ኢላማ አይመታም እኮ!

ነገሩ ያለው ምላጩ ላይ ነው። የአብዛኛው ሽጉጥ ምላጭ በፒን ተሰክቶ እንደ በር ማጠፊያ ነው የሚዞረው፣ የ1911 ግን እንደ መሳቢያ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ መዶሻው (ጥይቱን የሚያስተኩሰው ክፍል) ደግሞ ቀድሞ ተወጥሮ ስለሚጠብቅ የምላጩ ስራ እሱን መልቀቅ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ትስባለህ፣ ቀጭ ይላል፣ በቃ። የተኮሰ ሰው ያውቀዋል፣ ጀማሪ የሚስተው ብዙ ጊዜ ማነጣጠር አቅቶት ሳይሆን ምላጩን ሲስብ አፈሙዙን አብሮ ስለሚጎትተው ነው። ምላጩ አጭርና ቀላል ሲሆን ይሄ ጥፋት ይቀንሳል። ጥይቶቹ ካዝናው ውስጥ በአንድ ረድፍ ስለሚደረደሩ እጀታውም ቀጭን ነው፣ ትንሽ እጅ ያለውም በደንብ ይጨብጠዋል።

ጸሐፊው "ጊዜ ያለፈበት" ያለው ነገር የምር አሳቀኝ። ጆን ብራውኒንግ የሰራው ይሄ ሽጉጥ በፈረንጆቹ መጋቢት 1911 በአሜሪካ ጦር ሲፈተን 6000 ጥይት ተተኩሶበታል፣ ሲግል ውሃ ውስጥ እየነከሩት ቀጥለዋል፣ ከዛ ጦሩ ተቀበለውና እስከ 1985 ድረስ ዋና ሽጉጡ ሆኖ ቆየ። ሲተኮስ በርሜሉ (ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ) ከኋላው ዝቅ ብሎ ከስላይዱ፣ ማለትም ወደ ኋላ ከሚንሸራተተው የላይኛው ክፍል፣ የሚላቀቅበት ዘዴ ዛሬ ግሎክን ጨምሮ አብዛኛው ሽጉጥ ውስጥ ትንሽ ተሻሽሎ አለ። ጊዜ ያለፈበት ከሆነ ታዲያ ሁሉም ለምን ይኮርጀዋል?

እንከን የለውም ግን አልልም። ካዝናው በመጀመሪያው ዲዛይን 7 ጥይት ነው የሚይዘው፣ ግሎክ 17 ደግሞ 17 ይይዛል። ባዶውን ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል (ይሄው ክብደት ግን ሲተኮስ ወደ ላይ የሚዘለውን ስለሚቀንስ ኢላማ ተኳሹ አይከፋበትም)። መፍታትና መግጠሙ ነው ጣጣው። እኔ መጀመሪያ ስገጥም የስላይድ ማቆሚያውን ፒን አጣምሜ አስገብቼ ሽጉጡ ጎን ላይ ቅስት የሆነ ጭረት ጥዬበታለሁ፣ እንደዛ አይነት ጭረት ያለበት ስታዩ ባለቤቱ አንድ ቀን ቸኩሎ እንደነበር እወቁ። ከአፈሙዙ ስር ያለውን የስፕሪንግ መድፈኛ በአውራ ጣት ይዞ ያልፈታ ደግሞ ተስፈንጥሮ የሄደውን መድፈኛ አልጋ ስር ነው የሚፈልገው።

በመጨረሻ አንድ እርማት። "1911" ብላችሁ ያተማችሁት ፎቶ 1911 አይደለም፣ ሃይ ፓወር የሚባል ሌላ ሽጉጥ ነው። እሱንም ብራውኒንግ ጀምሮት ነበር፣ 1926 ላይ ሲሞት ዲዩዶኔ ሴቭ የሚባል ቤልጅየማዊ ጨረሰው፣ በ1935 ወጣ፣ 13 ጥይት ይይዛል። መለየት ቀላል ነው፣ እጀታው ጀርባ ላይ መዳፍ ሲጨብጠው ወደ ውስጥ የሚገባ ሴፍቲ (ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚያግድ ክፍል) ካለ 1911 ነው፣ ፎቷችሁ ላይ የለም። በሚቀጥለው እትም ብታስተካክሉት ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣ አንድ አንባቢ