«የወባ መድኃኒት ተገኘ» ከማለታችሁ በፊት

ይድረስ ለአዘጋጁ

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ሰሞኑን ስላወጣችሁት ዜና ነው፣ አንድ ተክል ወባን ድራሹን አጠፋው ስለሚለው። ሁለቴ አነበብኩት፣ አይጥ የምትለው ቃል የመጣችው መጨረሻው አካባቢ ነው፣ እስከዛ ድረስ የሚያነብ ሰው ደሞ እምብዛም የለም፣ ሊንኩን የላከልኝ ዘመዴ ራሱ የጠየቀኝ «ቅጠሉ የት ይገኛል» ብሎ ነው።

ይሄን ሙከራ ተማሪ እያለሁ በእጄ ሰርቼዋለሁ ስለዚ ውስጡን ላሳያችሁ። አይጧ የምትበከለው ፕላዝሞዲየም በርጊ በሚባል ፓራሳይት (ጥገኛ ተውሳክ) ነው፣ የአይጥ ወባ ነው በቃ፣ የሰውን ወባ ከሚያመጡት ውስጥ የለበትም። ከተበከለች ሁለት ሶስት ሰአት ቆይቶ፣ ገና ምንም ሳያማት ማለት ነው፣ የቅጠሉ ኤክስትራክት፣ ማለትም ከቅጠሉ ተመጥጦ የወጣው፣ በአፏ ይሰጣታል፣ እንዲ እየተባለ አራት ቀን። በአምስተኛው ቀን ከጭራዋ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ወስዶ ስላይድ ላይ በስሱ መቀባት፣ ጊምሳ የሚባለውን ቀለም ማጠጣት፣ ከዛ ማይክሮስኮፕ ስር አጎንብሶ ስንቱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ፓራሳይት እንዳለ አይን እስኪፈዝ መቁጠር ነው። የኔ ቅጠል በኪሎ ክብደት 400 ሚሊግራም ተሰጥቶ ፓራሳይቱን በግማሽ ገደማ ሲቀንስልኝ በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ከጎን ካለው ኬጅ፣ ክሎሮኪን የሚባለውን የታወቀ የወባ መድኃኒት በኪሎ 25 ሚሊግራም የወሰዱት አይጦች ስላይድ ላይ ግን ብፈልግ ብፈልግ አንድ ፓራሳይት አላገኘሁም። ዜና ቢሰራ ኖሮ ርዕሱ የኔ ቅጠል ነበር የሚሆነው፣ ስለጎረቤቱ ኬጅ ማንም አይጠይቅም።

ተክል አይረባም እያልኩ አደለም እንዳትሳሳቱብኝ። ኪኒን የምንለው ቃል ራሱ እኮ ከኩዊኒን የመጣ ነው፣ ኩዊኒን ደሞ ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት። ግን ቅርፊቱ አውሮፓ ገብቶ ከመቶ ሃምሳ አመት በላይ በዱቄት ሲጠጣ የአንዱ ዛፍ ብርቱ የሌላው ደካማ እየሆነ፣ ነጋዴውም ሌላ ቅርፊት እየቀላቀለበት፣ ምን ያህሉ እንደሚበቃ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም፣ እኤአ በ1820 ፔልቲየርና ካቫንቱ የሚባሉ ፈረንሳዮች ኩዊኒኑን ለብቻው ነጥለው ካወጡት በኋላ ነው መዝኖ መስጠት የተቻለው።

የቻይናዊቷ ሳይንቲስት የፕሮፌሰር ቱ ዩዩ ታሪክም የሚወራው ግማሹ ነው። እሳቸው አርቴሚሲያ አኑዋ የተባለውን ተክል ሲሞክሩ ውጤቱ አንዴ ጥሩ አንዴ ባዶ እየሆነ አስቸገራቸው፣ ኋላ ከ1,600 አመት በፊት የተጻፈ የቻይና የሕክምና መጽሐፍ ሲያገላብጡ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጨምቃችሁ ጠጡ ይላል እንጂ አፍሉት አይልም። ሙቀቱ ነው የሚያበላሸው ማለት ነው ብለው ኢተር በሚባል በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ፈሳሽ አወጡት፣ እኤአ ጥቅምት 1971 ላይ ናሙና ቁጥር 191 የአይጦቹን ፓራሳይት ሙልጭ አደረገው፣ በማግስቱ አመት ለበሽተኛ ከመስጠታቸው በፊት እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ላይ ሞከሩት። ኖቤሉ የመጣው እኤአ በ2015 ነው። ዛሬ ቅጠሉን አፍልተው የአርቴሚሲያ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ታዲያ ማንን ይጠቅሳሉ መሰላችሁ፣ እሳቸውኑ!

ቀሪው ግማሽ የሚጀምረው ንጥረ ነገሩ ከተገኘ በኋላ ነው። ከቅጠሉ የወጣው ንጥረ ነገር፣ አርቴሚሲኒን፣ በውሃም በዘይትም በደንብ አይሟሟም፣ ኬሚስቶች ነካክተውት ነው አርቴሱኔትና አርቴሜተር የሚባሉት መድኃኒቶች የሆነው። ሰውነት ውስጥ ደሞ በሰአታት ያልቃል፣ ብቻውን የወሰደው ሰው ትኩሳቱ ጥፍት ይልለትና ዳንኩ ሲል ከሳምንታት በኋላ ወባው ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል፣ ለዚ ነው ኮአርተም የሚባለው የወባ ኪኒን ውስጥ ከአርቴሜተሩ ጋር ሉሜፋንትሪን የሚባል ሌላ መድኃኒት አብሮ ያለው፣ እሱ ቀናት ቆይቶ የተረፈውን ይለቅማል። ሻዩ ውስጥ ይሄ ለቃሚ የለም፣ የአርቴሚሲኒኑ መጠንም ከስኒ ስኒ ይለያያል፣ ያልሞተው ፓራሳይት ደሞ መድኃኒቱን ይለምደዋል። የአለም ጤና ድርጅት ሻዩን የማይደግፈው ተክል ጠልቶ አደለም።

መንገድ ላይ ስለቀሩት ማን ይጽፋል? ቻንግሻን ከሚባል የቻይና ተክል የሚወጣ ፌብሪፉጂን የሚባል ነገር አለ፣ ወባን በመግደል አይታማም፣ ችግሩ በሽተኛውን ክፉኛ ያስመልሰዋል ጉበትም ይጎዳል፣ እንዳለ መድኃኒት ሳይሆን ቀረ። እስካሁን ኬሚስቶች መርዙን ቀንሰው ጉልበቱን ለማስቀረት ይታገላሉ። የኔ ቅጠል እዛ ወረፋ ላይ እንኳን አልደረሰም፣ ምክንያቱም ውስጡ ካሉት ብዙ ንጥረ ነገሮች የትኛው እንደሰራ ለይቼ አላወጣሁም፣ የሰው ሴል ላይ ያለውን ጉዳትም አላየሁም፣ ዲግሪዬን ይዤ ወጣሁ በቃ።

አዲስ ነገር ከተክል መፈለጉ ግን የግድ ነው። አርቴሚሲኒንን በከፊል የሚቋቋም ፓራሳይት መጀመሪያ ካምቦዲያ ታየ፣ አሁን ሩዋንዳ፣ ዩጋንዳና ኤርትራም ውስጥ ተረጋግጧል፣ እኤአ በ2023 ብቻ ደሞ ወባ በአለም ላይ ወደ 597 ሺህ ሰው ገድሏል። እንዲ ባለ ሰአት ተስፋ የምትጽፉለት ሰው በትኩሳት ተኝቶ ስልኩን የሚያይ ሊሆን ይችላል።

ዘመዴን «ገና አይጥ ላይ ነው» ስለው «ታዲያ ለምን እንደዛ ጻፉት» አለኝ፣ የምመልሰው አጣሁ። ቢያንስ «በአይጥ ላይ» የምትለዋን ርዕሱ ውስጥ አስገቡልን፣ ክሎሮኪን ከወሰዱት አይጦች ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሰራም አንድ መስመር ጨምሩበት፣ ቁጥሩ የጥናቱ ፔፐር ላይ ስለማይጠፋ ብዙ አያደክማችሁም።

የዘወትር አንባቢያችሁ