የእጥበት ታማሚ ወረቀት ላይ ክሬያቲኒን ብቻ አይታይ

ሰላም ለአዘጋጁ፣ ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ። ስለ ኩላሊት በጻፋችሁ ቁጥር ወሬው የእጥበቱ ዋጋና የማሽን እጥረት ነው፣ እሱማ ልክ ናችሁ፣ ግን እስቲ አንዴ ስለ ደም ምርመራው ጻፉልን።

አባቴ እጥበት ላይ ነው። ውጤት ሲመጣ ዘመድ ሁሉ "ክሬያቲኒኑ ስንት ገባ?" ነው የሚለው (ክሬያቲኒን ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው)፣ ከወረደ ደስታ ነው። እጥበት ያልጀመረ ሰው ላይ መውረዱ ጥሩ ነው፣ እጥበት ላይ ላለ ሰው ግን ክሬያቲኒን ከጡንቻ ስለሚመጣ ሰውየው ከስቶ ጡንቻው እያለቀም ሊወርድ ይችላል'ኮ! አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ12 ሺህ በላይ የእጥበት ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ክሬያቲኒናቸው ዝቅ ያለው ሰዎች ለሞት የበለጠ ተጋልጠው ተገኙ፣ ከሁሉ የባሰው ምልክት ደግሞ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ከ4 ግራም በታች መውረዱ ነበር (በዴሲሊትር ማለት ነው)።

አልቡሚንን ግን የሚጠይቅ የለም። ጭራሽ "ሥጋም እንቁላልም ይቅርብህ" ይሉታል፣ ይሄ'ኮ ከእጥበት በፊት የሚሰጥ ምክር ነው፣ እጥበቱ ራሱ ፕሮቲን ይዞ ስለሚወጣ ከጀመሩ በኋላ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። እኛ አሁን የእንቁላል ነጩንና የሐይቅ ዓሣ እናበላዋለን። ምግብ ብቻ ግን አይደለም፣ ካቴተሩ (ለእጥበቱ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) ኢንፌክሽን ከያዘም አልቡሚን ይወርዳል፣ ስለዚህ ዝም ብሎ ብላ ብላ ማለትም አያዋጣም።

ጠያቂ ደግሞ አለላችሁ፣ አብሽር እያለ ከሰኞ ገበያ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ ወላሂ በፍቅር ነው፣ ግን እነሱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን በሁለት እጥበት መሀል ተጠራቅሞ ልብ ሊያቆም እንደሚችል ማን ይንገረው? ፊት ለፊቱ መመለስም ነውር ነው፣ እናቴ ተቀብላ ለጎረቤት ልጆች ታድላለች።

የሚታከምበት ቦታ ውጤቱ ፋይል ውስጥ ይገባና "ደህና ነው" ተብለን እንመለሳለን፣ ፎቶ ላንሳው ስል እንኳ ፊት ይጠቁርብኛል። ሥራ እንደሚበዛባቸው አይጠፋኝም፣ ግን ቤት የምናበስለው እኛ ነን'ኮ። እባካችሁ አንድ የኩላሊት ሐኪም ጋብዛችሁ አልቡሚን፣ ፖታሲየም፣ ፎስፈረስና ሄሞግሎቢን ስንት ሲሆኑ መደንገጥ እንዳለብን በእኛው ምግብ እያስረዳ ይጻፍልን፣ የጾምና የረመዳኑንም ነገር አይርሳ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ